አሥራ አንድ ቴምብሮች ከአሊ ሳቢህ

ዐብዲራዛቅ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖት ነበር፤ ክፍሉን ግን ማንም አልከፈተውም። ቁልፉን ሚስቱ ፋዱሞ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ትዞራለች። ልጇ ሁዶ፣ እናቷን በሶማልኛ እየጠራች፣ "ሆዮ፣ ክፍሉ ይከፈትና አየር ይግባበት" ባለቻት ቁጥር መልሷ አንድ ነው።

"ይቆይ። ከሰዓት በኋላ ያስላል፣ ልጄ። እዚያ ውስጥ ያስላል።"

ሁዶ ይህን የእርጅና ነገር አድርጋ ታልፈው ነበር። እሷ ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ታይዋን በሚባለው የድሬ ዳዋ ገበያ ውስጥ ሽቶና የሴት ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ባደገችበት የመጋላ ሰፈር ግቢ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ዐብዲራዛቅ እንጀራ አባቷም አጎቷም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የጠራችው "አዴር" እያለች ነው፤ ያባቷ ወንድም ነውና።

አባቷ ኩልሚዬ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። በስድሳ ዘጠኝ ሐምሌ፣ ጦርነቱ ደርሶ ሐዲዱ ሲቆረጥ፣ ወደ ጅቡቲ እንደወጣ ቀረ። ሁዶ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ዓመት ከአራት ወር ጠፋ ሲባል ቆይቶ፣ በሰባ አንድ ኅዳር ላይ መርዶው ተሰማ። ፋዱሞ አራት ወር ከአሥር ቀን ነጭ ለብሳ ተቀመጠች። ሚያዝያ ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ የሟች ወንድም አገባት፤ ለሁዶም ታናሽ ወንድም ተወለደላት። ሁዶ ስለ አባቷ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ፎቶ እንኳ አልነበራትም።

በሐምሌ ዝናብ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ፋዱሞ ሳትወድ ቁልፉን ሰጠች። ሁዶ በሩን ስትከፍት የአዴር ሽታ ተቀበላት፤ የመስገጃው ምንጣፍ ተጣጥፎ፣ መነጽሩ በላዩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አገኘች። በሣጥኑ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በልጅነቷ እንዳትነካው የተከለከለችው የቴምብር አልበም ነበር። አዴር ጉምሩክ ጸሐፊ ሳለ ከየደብዳቤው ቴምብር እየለቀመ ያጠራቅም ነበር። እሑድ ከሰዓት አጎንብሶ ሲያገላብጥ ትዝ ይላታል። ዋጋ ካወጣ ጣሪያው ይሠራበታል ብላ ወደ ሱቋ ወሰደችው።

ድሬ ዳዋ ውስጥ ስለ ቴምብር የሚያውቅ ሰው ስትጠይቅ ሁሉም የጠቆማት ጋሽ ሲያድን ነው። አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ጡረተኛ ነው። ከምሳ በኋላ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ በረንዳ ላይ፣ በዛፎቹ ጥላ፣ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ሁዶ አልበሙን ፊቱ አስቀመጠችና፣

"ስንት ያወጣል?" አለችው።

"አቦ፣ ቆይ እንጂ! ስሟን ሳታውቂ ጥሎሽ ትጠይቂያለሽ?" ሳቀ። "መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ።"

እንደዚያ ተጀመረ። አገሩን ከጽሑፉ እንድትለይ፣ ከዚያ በዙሪያው ያለውን ጥርስ እንድትቆጥር አስተማራት፤ ሥዕሉ አንድ ሆኖ ጥርሱ የሚለያይ አለ፣ ዋጋውም ይለያያል። ገልብጣ ሙጫው መኖሩን፣ ወረቀቱ የሳሳ ወይም የተጠገነ አለመሆኑን እንድታይ ነገራት። ወደ ብርሃን አንስታ በወረቀቱ ውስጥ የተደበቀ ምልክት እንድትፈልግ አሳያት።

"ያረጀ ሁሉ ውድ አይደለም" ይላታል። "ያረጀ ውድ ቢሆን ኖሮ እኔን ባንክ ቤት ያስቀምጡኝ ነበር።"

ሁዶ ወረንጦና አጉሊ መነጽር ገዛች። ለገንዘብ ብላ የጀመረችው ነገር ሳታውቀው ወሰዳት። ሱቁ ጭር ሲል አልበሙን ታወጣለች። የንጉሡ መልክ ያለባቸው አብዛኞቹ በሚሊዮን የታተሙና ዳቦ የማይገዙ መሆናቸውን፣ አንዲት ተራ የምትመስል አረንጓዴ ደግሞ ጥሩ ገንዘብ እንደምታወጣ ስታውቅ ደስ አላት። ጋሽ ሲያድ የተገነጣጠለ የቴምብር ዋጋ ካታሎግ ነበረው፤ ከዚያ ላይ እየፈለጉ ለሦስት ሳምንት ገጽ በገጽ ሄዱ።

የመጨረሻው ገጽ ከሌላው ይለያል። አዴር ሁሉን ቴምብር ከወረቀቱ አላቅቆ በመስመር የሚደረድር ሰው ነበር። እዚህ ግን በጥቁር ኪስ ውስጥ አሥራ አንድ ቁራጮች ነበሩ፤ ከፖስታ ጥግ በመቀስ ተቆርጠው፣ ቴምብሩ እንደተለጠፈባቸው። ሁሉም የጅቡቲ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ አሮጌው የቅኝ ግዛት ስም ተሰርዞ አዲሱ የሪፐብሊክ ስም ታትሞበታል።

"ነፃ የወጡ ሰሞን ነው" አላት ጋሽ ሲያድ ቁራጮቹን ከአልበሙ ኪስ ሳያወጣ በላዩ እያየ። "አዲስ እስኪያሳትሙ በአሮጌው ላይ አተሙበት። በወረቀት ላይ ያለውን እንዴት እንደምታላቅቂ አሳይቼሻለሁ አይደል? ለብ ያለ ውሃ ነው።"

ዓርብ ጠዋት ሱቅ አልከፈተችም። በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ አድርጋ ግቢው በረንዳ ላይ ተቀመጠችና ከአሥራ አንዱ አንዱን አስገባች። ሙጫው እስኪለቅ መጠበቅ ነው። ከቴምብሩ በስተግራ፣ በቁራጩ ጠርዝ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ትንሽ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ልብ ብላ አላየችውም። ውሃው ሲነካው ጎላ አለ። በፈረንጅ ፊደል ነው። ሁዶ ጎንበስ ብላ አነበበችው።

"ሁዶ" ይላል።

እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። ቀለሙ ግን ቀድሞ መልቀቅ ጀምሮ ነበር፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ፈዘዙና ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ወረቀቱን ስታወጣው ባዶ ነው። በእርጥብ ጣቷ ይዛው ብዙ ጊዜ ተቀመጠች። ዓይኔ ነው አለች። ከዚያ ተነሥታ ሌሎቹን አሥር አመጣችና በአጉሊ መነጽሩ እያንዳንዱን በግራ በኩል አየች። መቀሱ ጽሑፉን ቆርጦታል፤ አንዱ ላይ "ማድሞዜል" ብቻ ቀርቷል፣ ሌላው ላይ "ማድሞዜል ሁ"፣ ሌላው ላይ "ሁዶ ኩ"። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ይለያል። "ማዳም ፋ" ይላል።

የእጅ ጽሑፉ የሁሉም አንድ ነው። ከተዘጋው ክፍል በኩል አንድ ሰው ያሳለ መሰላት። የጎረቤት ይሁን የሌላ፣ ቆማ አላጣራችም። ሳህኑን ትታ ቁራጮቹን በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች፤ ባጃጅ ይዛ ከዚራ ሄደች።

ጋሽ ሲያድ ጫቱን ገና አልጀመረም። አሥሩንና የነከረችውን ቴምብር ፊቱ ደረደረችለት።

"የፖስታ ቤቱን ማህተም አንብብልኝ።"

"ይህን ለምን ነከርሽው? ማህተሙ ሙሉ የሆነ አይነከርም እኮ—"

"አንብብልኝ፣ ጋሽ ሲያድ።"

ፊቷን አየና መነጽሩን አደረገ። "አሊ ሳቢህ" አለ፤ ከድንበር ማዶ ያለችው የጅቡቲ የባቡር ጣቢያ ከተማ ናት። ቀጣዩን አነሣ። "አሊ ሳቢህ። ይህም አሊ ሳቢህ። ሰባ ዘጠኝ... ሰማንያ... በፈረንጅ ነው እንግዲህ። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ ሁለት።" እያነበበ ሄዶ ሰማንያ ስምንት ላይ አበቃ። በየዓመቱ አንድ ነው። ከዚያ ቁራጩን በእጁ እንደያዘ ድንገት ቀና አለ።

"የአጎትሽ ፖስታ ሣጥን... ከላይኛው ረድፍ ነበር አይደል? በስተቀኝ?"

"አዎ።"

"ከጅቡቲ መስመር የሚመጣውን ከረጢት የምፈታው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከአሊ ሳቢህ ስንት ደብዳቤ ይመጣል? አስታውሰዋለሁ፤ ሰማያዊ ቀለም ነበር። በእጄ ነው ሣጥኑ ውስጥ የከተትኩት፣ ሁዶ። በየዓመቱ በእጄ።"

ሁዶ ወደ ጅቡቲ እንደወጣ የቀረውን የሟች አባቷን ስም አሰበች፤ ከዚያ የሚጽፍላት ሌላ ሰው የላትም። በፈረንጅ ሰማንያ፣ በእኛ ሰባ ሁለት፣ መስጊድ ለየቲሞች፣ አባት ለሌላቸው ልጆች፣ ልብስ ሲያድል አረንጓዴ ቀሚስ ተሰጥቷት ነበር። ሴቶቹ ራሷን እየዳሰሱ "ምስኪን የቲም" ሲሏት ትሰማቸዋለች። ደብዳቤው በዚያው ዓመት መጥቷል። በሚቀጥለውም። በሚቀጥለውም።

"የመጀመሪያዋ ናት የማትነበበው" አለ ጋሽ ሲያድ፣ "ማዳም ፋ" የሚለውን ቁራጭ ይዞ። "ኖቬምበር ትላለች። ዓመቱ ላይ የመጨረሻው ቁጥር ደፍርሷል። ሰባ ስምንት ወይ ሰባ ዘጠኝ ናት።"

ሁዶ በጣቷ ቆጠረች። ኖቬምበር ሰባ ስምንት በእኛ ኅዳር ሰባ አንድ ነው፤ መርዶው የተሰማበት ወር። ሠርጉ ሚያዝያ ነው። ሰባ ዘጠኝ ከሆነ ደብዳቤው የመጣው አዴር እናቷን ካገባ በኋላ፣ ምናልባት ታናሽ ወንድሟ ከተረገዘ በኋላ ነው፤ ያኔ ዝም ማለቱ ይገባታል። ሰባ ስምንት ከሆነ ግን አዴር ወንድሙ በሕይወት እንዳለ እያወቀ ሚስቱን አግብቷል።

"በምን ይለያል?" አለች።

"ሱቅሽ ውስጥ ዶላር የምታዪበት ያ ሐምራዊ መብራት አለሽ? አንዳንዴ ለዓይን የጠፋ ቀለም በሱ ይወጣል።"

አብረው ታይዋን ገበያ ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ገብተው መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረዱና ብርሃኑን ጋረዱ። ሁዶ መብራቱን አበራች። ወረቀቱ ነጣ፤ የማህተሙ ቀለም ጠቆረ። ጋሽ ሲያድ አጎንብሶ ረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ለሷ ሰጣት። የደፈረሰው ቁጥር የታችኛው ቀለበት ዙሪያው ገጥሟል።

ስምንት ነው።

ጋሽ ሲያድ የሱቁን መዝጊያ ብድግ አድርጎ ከፈተላትና በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ያን ቀን ሁዶ ቤት ስትደርስ ፋዱሞ በረንዳው ላይ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሓዋን፣ ይዛ ተቀምጣለች። ሳህኑ አጠገቧ ነው፤ ሰማያዊው ውሃ አልተደፋም።

"ሆዮ፣ አባቴ መቼ ነው የሞተው?"

የሙስበሓው እንክብል ቆመ። "ምን ሆንሽ?"

"አዴር ያውቅ ነበር። ከሠርጋችሁ አምስት ወር በፊት ደብዳቤ ደርሶታል። ወንድሙን በቁሙ ቀበረው፣ አንቺን ለማግባት! ሰላሳ ምናምን ዓመት ጉምሩክ ሠራ፣ መስጊድ የፊት ሰልፍ ቆመ፤ እኔ እጁን ስሜ አደግሁ። የኔንም ደብዳቤ—"

"ዝም በይ!" ፋዱሞ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። "በሱ ላይ አትናገሪ። እሱ አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ፋዱሞ እያየቻት አልነበረም፤ የተዘጋውን ክፍል በር ነው የምታየው።

"ዐብዲራዛቅ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ እሱ አነበበልኝ። ሦስት መስመር ነበር። 'በሕይወት አለሁ። እዚህ አግብቻለሁ፣ አልመለስም። አንቺን ፈትቻለሁ፣ ነፃ ነሽ።' አለቀ። እኔ ዓመት ከአራት ወር አንቺን አዝዬ በየጣቢያው ሬሳ ስፈልግ ከርሜያለሁ። ሁርሶ ድረስ ሄጄ ወታደሮቹን ለምኛለሁ። እሱ ሠርግ ደግሷል!"

"ለምን ለሰው አልነገርሽም?"

"ምን ብዬ? ተወኝ ብዬ? ባሏ የጣላት ሴት ከምባል ባሏ የሞተባት ብባል መረጥኩ። በማግሥቱ ነጭ ለብሼ ወጣሁ። ዐብዲራዛቅ ደብዳቤውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፤ አላጋለጠኝም። ፍቺው ፍቺ ነው፤ ሼሁን በድብቅ ጠይቆ ነው ያገባኝ። ኃጢአት የለበትም። ውሸቱ የኔ ነው፤ እሱ ተሸከመልኝ።"

"የኔስ ደብዳቤዎች?"

ፋዱሞ ሙስበሓዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፣ ልጄ። በመጣ ቁጥር ዐብዲራዛቅ 'ለልጅቷ እንስጣት፣ ስሟ ነው ያለበት' ይለኛል። አቃጥለው እለዋለሁ። እሳቱ ፊት ቆሜ ነው የማስቃጥለው። ጥጉን ቆርጦ ማስቀረቱን አላየሁም።"

"ምን ይሉ ነበር?"

"አልተከፈቱም። አንዱም።"

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች።

"ዐብዲራዛቅ ከሞተ ወዲህ የሚያስለው ለዚህ ነው። ሊነግርሽ ሲፈልግ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ ጉሮሮውን ይጠርግና እኔ ሳየው ይተወዋል።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሁዶ ዘጠኝ ቀን ከእናቷ ጋር አልተነጋገረችም። ምግቧን ሠርታ ታቀርብላታለች፣ መድኃኒቷን ትሰጣታለች፣ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መሆን አልቻለችም። ሱቅ ውስጥም ቢሆን ደንበኛ ሽቶ ሲያሸት ከኋላዋ የአዴር ሽታ ይመጣባታል፤ ዘወር ስትል ማንም የለም። አዴርን ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ጠልታው ነበር፤ ከከዚራ እስከ ቤቷ በረንዳ። እነዚያን ሦስት ሰዓታት የት እንደምታደርሳቸው ጠፋባት። አባቷንም እንዴት እንደምትቆጣው አላወቀችም፤ መልኩን እንኳ አታውቀውም፤ የእጅ ጽሑፉን ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሲያድ ያገናኛት አንድ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጥቶ አልበሙን ገዛ። የጣሪያው ዋጋ ወጣ። ሰውየው ጥቁሩን ኪስ ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ፤ "ፖስታው ሙሉ ቢሆን የጦርነቱ ማግሥት ደብዳቤ ተብሎ ጥሩ ያወጣ ነበር። ጥጉን ብቻ ለምን ቆረጡት?" አለ። ቢሆንም ሊጨምርበት ፈለገ። ሁዶ አልሸጠውም።

በሌላ ሳምንት ኢልዋድን አገኘቻት። ኢልዋድ በአዲሱ ባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ልብስ የምታመጣላት ነጋዴ ናት። ሁዶ ነገሩን ሳትዘረዝር፣ "አሊ ሳቢህ ውስጥ ኩልሚዬ የሚባል የድሬ ዳዋ ሰው፣ ድሮ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ አጠያይቂልኝ" አለቻት። ትንሽ ከተማ ነው፤ ኢልዋድ ለማግኘት አልተቸገረችም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሱቁ ድረስ መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ባለቤቱን አገኘኋት። ደሄቦ ትባላለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ጣቢያው አጠገብ ሻይና ውሃ ይሸጡ ነበር አለችኝ። በእኛ ሁለት ሺህ አራት ላይ ነው የሞተው፣ በረጀብ ወር። ልጅ አልወለዱም።"

"ስለኔ..."

"ከድሬ ነኝ ስላት እጄን ያዘችኝ። 'እዚያ ልጅ አለችው፣ ታውቂያታለሽ?' አለችኝ። ለልጅቱ ዐሥር ደብዳቤ ጽፏል፤ በየዓመቱ ልደቷ ሲቃረብ። አንድም አልመለሰችለትም። በኋላ 'አድጋለች፣ አውቃ ነው ዝም ያለችኝ፣ እውነቷን ነው' ብሎ ተወ። ደሄቦ ጻፍ ስትለው 'አላስቸግራትም' ይል ነበር አለች።" ኢልዋድ ቀና አለች። "ሁዶ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?"

ሁዶ ሱቁን በጊዜ ዘጋች። ባጃጅ አልያዘችም፤ የደቻቱን ወንዝ በእግሯ ተሻገረች። ቤት ስትገባ ፋዱሞ የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ ሰግዳ መስገጃው ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ሁዶ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ዓርብ ወዲህ እንዲህ ተጠግታት አታውቅም።

"ሞቷል፣ ሆዮ። አሊ ሳቢህ። በሁለት ሺህ አራት፣ በረጀብ።"

ፋዱሞ ራሷን ነቀነቀች። "በረጀብ" አለች። መስገጃውን ለማጠፍ ጫፉን ያዘች፤ አላጠፈችውም። "ብቻውን ነበር?"

"ሚስቱ ነበረች።"

"ደግ ነው" አለች። "ተቆጥቶን ነበር?"

"እኔ የተቆጣሁት መስሎት ነበር የሞተው።"

ያኔ ፋዱሞ አፏን በሻሿ ያዘች፤ ግን አልቻለችም። ድምፁ ከሆዷ ነው የወጣው። በሰባ አንድ ያለቀሰችውን ሁዶ አታስታውሰውም፤ ይህን ግን ግቢው ሁሉ ሰማው። ሁዶ እናቷን በሁለት እጇ አቀፈቻት፤ ይቅር ትበላት አትበላት ገና ሳትወስን አቀፈቻት።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ዛምዛም ናት፤ ከኋላዋ ሁለት ሴቶች በባዶ እግራቸው ሮጠው መጥተዋል።

"ኢና ሊላሂ! ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

ሁዶ በሩን በሰፊው ከፈተችው። ከውስጥ የእናቷ ለቅሶ ይሰማል።

"አባቴ" አለች።

ዛምዛም ግራ ገባት። "ዐብዲራዛቅማ ከሞተ ቆየ እኮ፣ ልጄ። አላህ ይርሐመው።"

"ኩልሚዬ ነው።"

"ኩልሚዬማ ያኔ... በጦርነቱ ጊዜ አይደል እንዴ?" ዛምዛም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

"አይደለም፣ ዛምዛም" አለች ሁዶ። "ያኔ አልሞተም። ግቡና ልንገራችሁ።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዛምዛም ጫማዋን በረንዳው ላይ አወለቀችና ቀድማ ገባች።